ለአረጋውያን የሥዕል ክፍል ቀጭን ብሩሽ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ የአረጋውያን መጦሪያዎች ሥዕልና የእጅ ሥራ ለማስተማር የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ጊዜ የሕፃናት መዋያ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ፤ ቀጭን ብሩሽ፣ የካርቱን ሥዕል የታተመበት ወረቀት። እማማና አባባ ግን ሕፃናት አይደሉም።

መገጣጠሚያው ያበጠ ወይም የሚንቀጠቀጥ እጅ ቀጭን ነገር አጥብቆ መያዝ ይከብደዋል። እጀታውን አውራ ጣት እስኪያህል በስፖንጅ ጠቅልሎ በፕላስተር ማሰር ነው። ወረቀቱም እንዳይንሸራተት አራቱ ማዕዘን ከጠረጴዛው ይጣበቅ። የዓይን ሞራ ላለበት ሰው ፈዛዛ ቀለም አይለይለትም፤ ንድፉን በወፍራም ጥቁር ማርከር ማስመር ይረዳዋል። ቀለሙ በውሃ የሚሟሟና መርዝ የሌለበት ይሁን። የብሩሹን ውሃ በሻይ ብርጭቆ ማቅረብ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሻይ መስሎት ይጠጣዋል። ከባድ ጣሳ፣ ያውም እስከ ግማሽ ብቻ የተሞላ፣ ይሻላል።

በእኛ አስተያየት ከሥዕል ይልቅ የስንደዶ ስፌት ቶሎ ይለመዳል፤ ብዙ እናቶች እጃቸው ያውቀዋል፣ አስተማሪውንም ያስተምሩታል። ስንደዶው ቀድሞ ውሃ ካልተነከረ ይሰበራል። ወስፌ ተቆጥሮ ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይመለስ። መውጋት ያቃታቸው የአለላውን ቀለም ይምረጡ።

ለአንድ አስተማሪ ከ6 እስከ 8 ሰው፣ 45 ደቂቃ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይበቃል። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ነው። በየሳምንቱ ቀኑ አይቀየር፤ በበዓል ሰሞን ብቻ ካሜራ ይዞ ብቅ ማለት ትምህርት አይባልም። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ዕቃው እዚያው በሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ።

የእጅ ሥራ አስተማሪዎች