አስፕሪኑ በጊዜው ይጀመር

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ለነፍሰ ጡር በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ አስፕሪን ከፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) እንደሚከላከል ብዙ ይባላል፤ መቼ እንደሚጀመር ግን ሲነገር አይሰማም። ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማህፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠምዛዛዎቹን የደም ሥሮች ያሰፏቸዋል። ይህ ሥራ በአብዛኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ያልቃል። ሥሮቹ ሳይሰፉ ከቀሩ ለእንግዴ ልጁ በቂ ደም አይደርስም፤ ኋላ የእናቲቱ ግፊት ይጨምራል፣ የፅንሱም ዕድገት ይገታል። አስፕሪን፣ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የደም ሥር የሚያኮማትረውን ትሮምቦክሴን እንዳያመርቱ ያግዳል። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ሥሩን የሚያዝናናውን ፕሮስታሳይክሊን ብዙም አይነካም። ለራስ ምታት የሚዋጠው የ500 ሚሊግራም ክኒን ምትክ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ይጀመር። መጠኑ እንደየመመሪያው በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመው የአስፕሬ ጥናት፣ ተጋላጭ ከሆኑት ሴቶች መካከል እስከ 36ኛው ሳምንት ማታ ማታ 150 ሚሊግራም የወሰዱት ከ37ኛው ሳምንት በፊት በፕሪኤክላምፕሲያ የተያዙት 1.6 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት ግን 4.3 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም ክኒኑን ሳያቋርጡ በዋጡት ላይ ነው። በ30ኛው ሳምንት ግፊቷ 150/100 ሆኖ ለመጣች ሴት ግን አስፕሪን አርፍዷል፤ የሚያስፈልጋት የግፊት መድኃኒት፣ የሽንት ፕሮቲን ምርመራና የቅርብ ክትትል ነው።

ለሁሉም ነፍሰ ጡር አይታዘዝም። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት፣ መንታ ያረገዘች፣ የቆየ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት በሽታ ወይም ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባት ይታዘዝላታል፤ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያ እርግዝና፣ ከ35 ዓመት በላይ መሆን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እናት ወይም እህት በፕሪኤክላምፕሲያ ታመው ማወቃቸው ደግሞ ሁለት ሲደመሩ ይታሰብበታል። የማህፀን ደም ሥር ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ የአልትራሳውንድ ምርመራ) ካለ መልካም፤ ከሌለም እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም። የመጀመሪያውን ክትትል የሚያደርግ ባለሙያ ሳይጠይቅ አይሸኛት።

የአስፕሪን አለርጂ፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ያለባት አትወስድም። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም በአስፕሪን ቦታ አይገቡም፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊቀንሱ ይችላሉ።

አስፕሪን እየወሰደችም ቢሆን ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማት፣ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ግፊቷ ይለካ።

ከአክብሮት ጋር