እጃችንን አስራችሁ ፊልም ላሠራችሁን የጅማ ሰዎች

ለተከበራችሁ የፌስቲቫሉ ታዳሚዎችና ለሄርማታ መርካቶ ነጋዴዎች፣

ያለ ስክሪፕት አጭር ፊልም ሠርተን በማግስቱ ልናሳያችሁ፣ እናንተ ደግሞ ግዴታውን ልትመርጡልን በተስማማንበት ምሽት፣ ትራሩልናላችሁ ብለን ነበር። አልራራችሁም። እጅ እያወጣችሁ የወሰናችሁት ይህን ነው፦ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይኑርበት፤ ማንም ቃል አይተንፍስ፤ ፊልሙ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ ይለቅ። ፊት ወንበር ላይ የነበረች ልጅ "ዝናብም ይዝነብ" ስትል አዳራሹ በጭብጨባ አጸደቀላት። እ.ኤ.አ. በ2001 ዋሽንግተን ላይ የተጀመረው የ48 ሰዓት የፊልም ውድድር እንኳ ለተወዳዳሪዎቹ ከዘውግ፣ ከገጸ ባሕርይና ከአንድ ዕቃ ጋር የሚነገር ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። እናንተ እሱንም ነፈጋችሁን!

ታሪኩን እዚያው ገበያው ውስጥ ፈጠርነው፦ ወጣቱ የሟች አባቱን በርጩማ ሊሸጥ ይወጣል፤ ገዢው ሁሉ ተቀምጦ እየሞከረ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ልጁ በርጩማውን እንደ ጃንጥላ ራሱ ላይ ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጅማ ዝናብ ለምኖ የሚያጣ ከተማ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። መኪና አጣቢ ወንድሞቻችን ባትደርሱልን ምን ይውጠን ነበር? ዝናብ በካሜራ ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከጠብታው ጀርባ ሲመጣ ነው፤ ከፊት ሲመታው ሰው እየበሰበሰም አየሩ ደረቅ ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሥራችሁን ትታችሁ ጠበቃችሁን። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ፣ የውኃውን ጎማ ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ጨፍናችሁ፣ ካፊያም ዶፍም እንደ ትእዛዛችን አወረዳችሁልን።

በርጩማውን ያዋሱን አባታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከአንድ ግንድ የተጠረበ ስለሆነ ቢወድቅም እንደማይፈታ ነግረውን ነበር፤ እውነትዎን ነው፣ ደጋግሞ ወድቋል። በዚያ ጎርባጣ መሬት ላይም አንድ ጊዜ እንኳ አልተንገዳገደም።

ቡና የሚያፈሉት እናታችን ግን ለብቻዎ ሊመሰገኑ ይገባል። እኛ ያልንዎት "ተቀምጠው ይሞክሩት፣ ከዚያ ይነሱ" ብቻ ነበር። እርስዎ ከመቀመጥዎ በፊት የነጠላዎን ጫፍ ይዘው በርጩማውን ቀስ ብለው ጠረጉት፤ ሲነሱም ለልጁ አንድ ስኒ ቀድተው ሰጡት። ማን ነገረዎት? አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ያለቀሰው እዚያ ላይ ነው። ከእኛ ቡድን የዚያን ዓይነት ነገር የሚያስብ አልነበረም።

ቃል የከለከላችሁንም ይኸው አመሰገንን። ያ ሁሉ የባጃጅ ጡሩምባ ባለበት ንግግር ብንቀርጽ አንድም ቃል አይሰማም ነበር። ባለ ባጃጆች ሆይ፣ መጨረሻ ላይ መንገዱን ስለለቀቃችሁልን ይቅር ብለናችኋል።

ፊልሙ ላይ የምትታዩና ቅጂ የምትፈልጉ ሁሉ ፍላሽ ይዛችሁ እናታችን ቡና ወደሚያፈሉበት ቦታ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ እንገኛለን። የቡናውን ሒሳብ ግን የየራሳችሁን ትከፍላላችሁ።

ገለቶማ!

የፊልሙ ቡድን፣ ጅማ