ዘግይቶ የደረሰ ምስጋና፣ ከግሮተን

ዛሬ እሁድ ነሐሴ 18 ነው። የዛሬ 20 ዓመት በዚችው ቀን፣ ነሐሴ 18 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ስቴት ያለው የግሮተን ቤዝ፣ የባሕር ኃይሉ የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ፣ አይዘጋም ተባለ። ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀስኩ ያያችሁኝ ታውቃላችሁ። ባለፈው ሰኔ ደግሞ እዚያው ቤዝ ውስጥ ካለው የሕፃናት ማቆያ በጡረታ ወጣሁ። በሰላም ገብቼ በሰላም ወጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ግን በደንብ አላመሰገንኩም። ከበደኝ።

ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ያን ጊዜ ላልነበራችሁ ልጆች ብቻ በአጭሩ፦ ግንቦት 5 ቀን ዓርብ ፔንታጎን፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ ይዘጉ የሚላቸውን የጦር ጣቢያዎች ዝርዝር አወጣ። የኛ የሰርጓጅ መርከብ ጣቢያ ውስጡ አለ። መርከቦቹ ወደ ቨርጂኒያና ወደ ጆርጂያ ይሂዱ ተባለ። ከ8 ሺህ በላይ ሥራ ማለት ነው። ቤት ከገዛን ገና አንድ ወር አልሞላንም ነበር። በሦስተኛው ቀን እሁድ፣ አገር ቤት የግንቦት 7 ምርጫ። ስልክ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ምርጫው ነው። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነበር።

የሃርትፎርድና የቦስተን ሐበሾች፣ ነገሩን ከሰማችሁ በኋላ በየቀኑ እየደወላችሁ ያጽናናችሁኝ፣ በፍልሰታ ሱባዔ ስሜን ያስጠራችሁልኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ስለ አባባ ላውራ።

አባባ የምንላቸው ጎረቤታችንን ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በሕይወት እያሉም ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም ነበር። ዕድሜያቸውን በሰርጓጅ መርከብ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቲማቲም እየተከሉ በሰላም መኖር ሲችሉ፣ ያን ክረምት ሙሉ ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር የፔንታጎንን ቁጥር ሲመረምሩ ከረሙ። የወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ በወረቀት ተሸፍኖ ምግብ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም። ማጉያ መነጽር፣ ቀይ እርሳስ፣ የቀዘቀዘ ቡና። ቤዙ ቢዘጋ መንግሥት ይህን ያህል ያተርፋል የሚለውን መስመር በመስመር ያነቡታል። ያልተዋጠላቸውን በቀይ ያከብቡታል። አንድ ማታ ለባለቤታቸው ዳቦ ይዤ ስገባ፣ «አንቺ ጋ ስንት ልጅ አለ?» አሉኝ። በማግስቱ ልጆቹ ቦርሳ የሚሰቅሉባቸውን መስቀያዎች አንድ በአንድ ቆጥሬ ነገርኳቸው። ጻፉት። እኔ የቆጠርኩት ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሳይ ጉልበት አገኘሁ።

ሰኔ 29 ዝርዝሩን መርምሮ ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ኮሚሽን ቦስተን ላይ ሰው የሚሰማበት ቀን ነበር። ሌሊት በአውቶቡስ ተነሳን። የሐዋርያት ጾም ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ሳንድዊቹን ሲያወጣ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አባባ የወረቀት ከረጢት ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከአንድ ሙዝ ጋር። «ዳቦው ወተት የለበትም፤ ጀርባውን አንብቤዋለሁ» አሉ። እኒያ ያን ሁሉ የፔንታጎን ወረቀት የሚያነቡ ዓይኖች፣ እኔ ጾሜን እንዳልፈታ ብለው የዳቦ ላስቲክ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡ። ይህን ስጽፍ ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ነው የተመለስኩት።

ኮሚሽኑ ድምፅ የሰጠበት ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እሳቸው በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ስልክ ደወሉ። «ሰባት ለአንድ፤ አይዘጋም» አሉ። ከዚያ ዝም። እኔም ዝም። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆምን።

አባባ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። እማማ፣ የርስዎን ውለታ እንኳ እዚህ ለመጻፍ አልሞክርም፤ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።

ስለ ትልልቆቹም ልናገር፤ እነሱም ባይኖሩ የኛ ጩኸት ብቻውን የትም አይደርስም ነበር። የስቴታችን አስተዳዳሪ ወይዘሮ ጆዲ ሬል ነበሩ፣ ሪፐብሊካን። ሴናተሮቹ ክሪስ ዶድና ጆ ሊበርማን፣ ዴሞክራት። የአካባቢያችን የምክር ቤት ተወካይ ሮብ ሲመንስ ደግሞ ሪፐብሊካን። ያን ክረምት ግን ማን ከየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አይለይም ነበር፤ አንድ ቤት እንደተቃጠለበት ሰው ነው የሮጡት። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም ወጣት መኮንን ሳሉ እዚሁ ሰርጓጅ መርከብ ትምህርት ቤት ተምረዋልና፣ ቤዙ እንዳይዘጋ ለኮሚሽኑ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሊበርማን፣ ሬልና ካርተር ሦስቱም በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አረፉ። በአንድ ዓመት! ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። አመሰግናለሁ ልል ስል ሰዎቹ እያለቁብኝ ነው።

ደግሞም ውሳኔው ከመጣ በኋላ ስቴቱ እፎይ ብሎ አልተቀመጠም። ለወታደራዊ ጉዳይ ብቻ የሚሠራ ቢሮ በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተከፈተ። ቤዙን የሚያጠናክር ሥራ ይሠራበት ተብሎ 40 ሚሊዮን ዶላር ከስቴቱ ካዝና ተመደበ። ለጠላቂዎቹ ሕንፃ ተሠራ፣ የኃይል ማመንጫው ቦይለር ታደሰ። ያን ጊዜ «ግቢው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚል ሰው ሥራ ቦታዬም ሰፈሬም ነበር። እኔ አልስማማም። ወንዙ ዳር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1868 ጀምሮ ያለ ግቢ ነው። የባሕር ኃይሉ ነገ ዝርዝር ሲያወጣ ያረጀውን ነው መጀመሪያ የሚያየው። የኛ ሰዎች ይህን ከ1997ቱ ጭንቅ ተምረው፣ ዝርዝር ሳይወጣ ቀድመው ሠሩ። ለዚህ ስሙን የማላውቀውን የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ አመሰግናለሁ።

የትንሹን ልጄን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። ሥራ አጥቶ ቤት ሲውል፣ እዚሁ ምሥራቅ ኮኔቲከት በነፃ በሚሰጠው የፋብሪካ ሙያ ስልጠና ብየዳ ተምሮ መርከብ ሥራ ገባ። አሁን የራሱ ደመወዝ፣ የራሱ ቤት አለው። ያስተማራችሁት መምህራን፣ እጃችሁ ይባረክ።

የማቆያችን እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁን አምናችሁ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አባት ባሕር ሲወርድ ከልጁ ጋር የወረቀት ሰንሰለት እንሠራለን፤ በየቀኑ አንዷን ቀለበት እንቆርጣለን፤ ሰንሰለቱ ሲያልቅ አባት ይመጣል። ያን ክረምት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ መቀሱን ይዛ፣ «አባቴ ሲመጣ ቤታችን እዚህ ይሆናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ የራሷን ልጅ ይዛ መጣች። ክፍሉ ያው ነው፣ መስቀያውም ያው።

በዚያው ሰሞን እንዲዘጋ የተወሰነባቸውን የኒው ጀርሲ የጦር ሠፈር የፎርት ሞንማውዝ ሠራተኞችም አስባቸዋለሁ። እነሱም እንደኛ ሮጠው ነበር። በደስታዬ መሐል እነሱን ረስቼ አላውቅም።

የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የማኅበር አባላት፣ ካናቴራ ያሳተማችሁ፣ ፀሐይ ላይ ሰልፍ የቆማችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ፣ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ስማችሁን ሳልጠራ የቀረሁ ብዙ ናችሁ፤ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ስም ያስረሳል እንጂ ፊት አያስረሳም፤ ይቅር በሉኝ። ጾሙም ተፈትቷል። የፊታችን ቅዳሜ ነሐሴ 24 ከሰዓት ቤቴ ቡና አፈላለሁ፣ ዳቦም እደፋለሁ። የረሳኋችሁ ሁሉ ኑ፤ ስማችሁን እዚያ ትነግሩኛላችሁ።