ልጄን ከውሃ ላወጣችሁልኝ ሰዎች

ስማችሁን በወጉ ሳልጠይቅ ነው የተለያየነው። በሰዓቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቴንም እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ እዚህ ልበላችሁ።

ያን ቀን ገንዳው ዳር ስምንት አዋቂዎች ነበርን። ስምንታችንም ልጆቹን ሌላው ሰው እያየልን መስሎን ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከእኔ ብትርቅ ሦስት እርምጃ ነው። ስልኬ ጠራ፣ አነሳሁ። «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ብዬ እስክዘጋ ድረስ የሆነው ሁሉ ሆነ።

መጀመሪያ እርስዎ፣ ቢጫ ሻርፕ የለበሱት እናቴ። «ኧረ ይቺ ልጅ እየተጫወተች አይደለም!» ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔም እኮ አይቻታለሁ። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላለች፣ አፏ ከውሃው እኩል ሆኗል፣ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ተለጥፏል። የምትጫወት ነበር የመሰለኝ። የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል ብዬ ነበር የማስበው። ፊልም ነው እንዲህ ያሞኘኝ። ለመጮኽ እኮ ትንፋሽ ያስፈልጋል። እጁም ቢሆን ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ ሰው ለመጥራት አይታዘዝለትም። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቅዎ «ልጅ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዝም ሲል ደስ አይለኝም» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ የተማመንኩባት የአየር ጎማ ደግሞ ብቻዋን ወዲያ ማዶ ትንሳፈፍ ነበር።

ነፍስ አድኑ ወጣት፣ ዘወር ስል አንተ ገብተሃል። ያየሁት ጀርባህን ብቻ ነው። እጅህ ይባረክ!

እኔም ልዘል ነበር። ወገቤን ይዘህ ያስቀረኸኝ ወንድሜ፣ «ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። «እንግዲያው ሁለተኛ ሰው እንዳናወጣ» አልከኝ። ልመታህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ይቅር በለኝ።

የነርስነት ተማሪዋ እህቴ፣ ስላንቺ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አትተነፍስም። በእግሯ ዘቅዝቄ ውሃውን ላራግፍ ስል «ይተዉ! ሆዷንም እንዳይጫኑ!» ብለሽ ቀማሽኝ። አገጯን ቀና አድርገሽ፣ አፍንጫዋን ይዘሽ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ሰጠሻት። ደረቷን ልትጫኚ እጅሽን ስታስቀምጪ አሳላት። አስመለሳት። ከዚያ አለቀሰች። በልጅ ለቅሶ እንዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። የሰጠመን ሰው ልብ የሚያቆመው የአየር እጦት ስለሆነ ትንፋሹ እንደሚቀድም ያስረዳሽኝ በኋላ ነው። ያኔ ብታስረጂኝም አልሰማሽም።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ፣ እናንተንም ጨቅጭቄአችኋለሁ። «ደህና ናት፣ እንሂድ» ስል ሳንባዋ ውስጥ የገባው ውሃ ከሰዓታት በኋላም ሊያስቸግር እንደሚችል ነግራችሁኝ አሳደራችኋት። ጣቷ ላይ የተሰካችውን ቀይ መብራት ስመለከት ነጋ። በመሃል በዚያው በጉደኛው ስልኬ ስለ መስጠም ሳነብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል። ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ስልኩን አጠፋሁት።

አሁን ደህና ናት። ውሃም አልፈራችም፣ የፈራሁት እኔ ነኝ። እሷ ስትገባ እጄ የሚደርስባት ቦታ ላይ እቆማለሁ፣ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ዋናም መማር ጀምሬአለሁ፣ በ41 ዓመቴ! ለጊዜው ፊቴን ነክሬ አረፋ ማውጣት ላይ ነኝ። ልጄ ትስቅብኛለች።

እናቴ፣ ልጄን የጠቀለሉበት ሻርፕዎ እኛ ጋ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተቀምጧል። እባክዎ ይምጡና ይውሰዱት።