የክበባት ዘገባ፦ ድንጋዩ ከየት ተነሣ? የሥነ ምድር ክበብ በ2017 ዓ.ም.

መስከረም ላይ የክበቡ ቁም ሳጥን ሲከፈት በድንጋይ ተሞልቶ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ያለው ግን አንድም አልተገኘም። የሚያብለጨልጭ አለ፣ የሚከብድ አለ፣ ቀዳዳ የበዛበት አለ፤ ለሥነ ምድር ግን ከመንገድ ዳር ጠጠር አይሻልም። አለት የሚነበበው ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ከላዩ ምን እንደተጫነበት ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ደንብ አንድ ሆነ፦ መለያ የሌለው ድንጋይ ቁም ሳጥን አይገባም።

መለያ አጻጻፉ ቀላል ይመስላል። ድንጋዩ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በቀጭን ማርከር ቁጥር ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ እንዳይፋቅ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ይደረብበታል። ያው ቁጥር ደብተር ላይ ከቀኑ፣ ከቦታውና ከንብርብሩ ጋር ይሰፍራል። ወረቀት ጽፎ ከድንጋዩ ጋር ፌስታል ውስጥ መክተት አይበቃም፤ እርጥበቱ ያቦካዋል፣ የመኪናው መንገጫገጭ ደግሞ ይፈጨዋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ለማዕድን መለየት የታሰበ ነበር። በስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች፣ በፈንታሌና በዶፈን፣ ዙሪያ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ሳይቀር መሰማቱ ሲደጋገም ግን የአባላቱ ጥያቄ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ መርሐ ግብሩም ተከተላቸው። ከመንቀጥቀጡ የሚነሣው ፈጣን ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሴኮንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ተከታዩ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር። በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው ሴኮንድ በ8 ሲባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ግምት ነው፣ ግን የሚያስኬድ ግምት። ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ልዩነቱ 16 ሴኮንድ አካባቢ ይወጣል። 25 ሴኮንድ ያገኘ ተማሪ ከፈንታሌ ሥር ወዳለችው መተሐራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ አስልቷል ማለት ነው፤ ሞገዱ በአስፋልት አይሄድም። ሌላው የተለመደ ስሕተት የመንቀጥቀጡን መጠን (ማግኒቲዩድ) እንደ ማስመሪያ መቁጠር ነው። ከ5 ወደ 6 አንድ ደረጃ ቢመስልም የሚለቀቀው ጉልበት 32 እጥፍ ገደማ ነው።

ከዚያ ወደ ፕሌቶቹ፣ የምድር ቅርፊት ወደተከፈለባቸው ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች፣ ተሄደ። አፋር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች የሚለያዩበት ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋሩ የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ውስጥ ቅልጥ አለት ሰርጎ ገብቶ መሬቱን ቢበዛ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። በዚያ አካባቢ ዓረቢያና ኑቢያ በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። 8,000 ሚሊ ሜትር ለእነዚህ ሲካፈል ከ400 እስከ 530 ዓመት ይመጣል፤ የብዙ ትውልድ ርቀት በሳምንታት ውስጥ ተከፈለ ማለት ነው። «ፕሌት በጥፍር ዕድገት ፍጥነት ይጓዛል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ አባባል ለእኛ ስምጥ ሸለቆ በዝቶበታል፤ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ በዓመት የሚሰፋው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በየካቲት የተደረገው የዓባይ በረሃ ጉዞ ግን የዓመቱ ዋና ሥራ ነበር። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ግድግዳውን በቅደም ተከተል ለማንበብ ደግሞ ከድልድዩ ተነሥቶ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ሙቀቱም ያንኑ ያስገድዳል። ሸለቆው ሥር ያለውን ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ያልጨረሰ ቡድን ቀትር ላይ እርሳስ መያዝ ያቅተዋል። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ተይዞ ተሄደ፤ የተረፈው አልነበረም።

ከታች ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ፍሬዎቹ ብርጭቆ ይጭራሉ። ከሱ በላይ በከተማዋ ስም የሚጠራው የጎሃ ጽዮን ንብርብር ይመጣል፦ ጂፕሰም (ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ)፣ ሼል (በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ ጭቃ ድንጋይ) እና ዶሎማይት (ማግኒዝየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ) የተፈራረቁበት፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር እየገባና እየተነነ የተወው። ቀጥሎ ባሕሩ በርትቶ የቆየበትን ዘመን የሚያሳየው የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ ጫፉ ላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ባዛልት፣ ከቀዘቀዘ ቅልጥ አለት የሆነው ጥቁር ድንጋይ። «ዓባይ ውስጥ የአዲግራት ድንጋይ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም ተነሥቷል። አዲግራትና አንጣሎ የሚሉትን ስሞች ያወጣው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ዘመቻ ጋር የመጣው እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ብላንፎርድ ነው፤ መጀመሪያ የገለጻቸው በትግራይ፣ በእነዚያ ቦታዎች፣ ስለሆነ ስሙ ንብርብሩን ተከትሎ እዚህ ደረሰ።

አሲዱ የሚያገለግለው እዚህ ነው። 37 በመቶ ከሆነው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ እጅ ለሦስት እጅ ውሃ ይደረግና 10 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ተገላቢጦሹ ፈልቶ ይረጫል። የበጠበጠው መምህር ነው፤ ተማሪ የያዘው ማንጠብጠቢያውን ብቻ። የኖራ ድንጋይ ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። ዶሎማይት ዝም ይልና በምስማር ተፍቆ ዱቄት ሲወጣው ነው ቀስ ብሎ የሚመልሰው። ጂፕሰም ጭራሽ አይመልስም፤ እሱን ጥፍር ይጭረዋል። አረፋ የሚደፍቅ ሁሉ የኖራ ድንጋይ አይደለም፦ የባዛልት ቀዳዳዎች የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን በሆነው በካልሳይት ተሞልተው ከሆነ፣ የአሸዋ ድንጋይም ፍሬዎቹ በካልሳይት ተጣብቀው ከሆነ አሲዱ ያሳስታል። አረፋው ከየትኛዋ ነጥብ እንደሚነሣ በአጉሊ መነጽር ሳይታይ ስም አይጻፍም።

አሲድም ያላዳነው ስሕተት ነበር። የመጀመሪያው የግድግዳው ረቂቅ ሥዕል ላይ በኖራ ድንጋዩ መካከል የባዛልት ንብርብር ተሥሎ ተገኘ። ድንጋዩ በእርግጥ ባዛልት ነበር፤ ችግሩ ከጫፉ ተንከባልሎ የመጣ መሆኑ ነው። ማጣሪያው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ወደ ግራና ቀኝ 10 ሜትር ሲሄዱ ይቀጥላል? አፈር ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ሥሩ ግድግዳው ውስጥ ይገባል? ፈስሶ ያረፈ ከሆነስ ሥሩ ያለው አለት በሙቀት ተጠብሶ ቀልቷል? ሦስቱንም «የለም» ካሉ መጤ ነው። መንገዱ የተሰነጠቀበትን ቦታ ከንብርብሩ ጋር ያስተያየው ቡድን በጣም ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ ውሃ የጠጣ ሼል እንደሚንሸራተት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ አስፋልቱ ያስረዳል።

ቅሪተ አካል በኖራ ድንጋዩ ውስጥ አይጠፋም። ሁለቱም ሁለት ክዳን ያላቸውን የባሕር እንስሳት፣ ብራኪዮፖድንና የቀንድ አውጣ ዘመድ የሆነውን ባይቫልቭን፣ ለመለየት የአንዱን ክዳን ግራና ቀኝ ማየት ነው፤ እኩል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ብራኪዮፖድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካል የአገር ቅርስ ስለሆነ አንድም አልተነሣም። ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶ ተነሥቶ ጠንካሮቹ ላይ ብቻ ታልክ የተነሰነሰበት የሸክላ ጭቃ ተጭኖ ቅርጻቸው ተወሰደ። ጭቃው ላይ በትምህርት ቤት ጀሶ ፈሰሰ፦ ሁለት ስኒ ጀሶ ለአንድ ስኒ ውሃ፣ ጀሶው ወደ ውሃው እየተነሰነሰ። በኃይል ከተማሰለ አየር ይይዝና ቅርጹ ፈንጣጣ ያወጣል። ጀሶው ራሱ ጂፕሰም ወደ 150 ዲግሪ ሞቆ ከውሃው ሦስት አራተኛውን ያጣ ነው፤ ሲቦካ ውሃውን መልሶ ይጠጣና ድንጋይ ይሆናል።

ግንቦት ላይ የቀረው ርዕስ ዕድሜ አቆጣጠር ነበር። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.18 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ሲባል ብዙው ተማሪ «በካርቦን 14» ይላል። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ካለው ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት በላይ የሚለካ ነገር አይተርፍለትም። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ በውስጡ ባለው የአርጎን ጋዝ፤ እዚህም የሚያዋጣው አጥንቱ በየትኛው አመድ ሥርና ላይ እንደነበር መመዝገቡ ነው። ግማሽ ዕድሜን ለማሳየት 100 ቆርኪ ተበትኖ የተገለበጠው እየተለቀመ ወጣ። ቆርኪ ግን ጥርሱ ስላለ በሁለቱ ገጽ እኩል አይወድቅም፤ ግራፉ ተንጋደደ። በሳንቲም ሲደገም ተስተካከለ።

መለያ የሌላቸው የድሮ ድንጋዮች አልተጣሉም። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ መስከረም ላይ አዲስ አባላት መዶሻና አሲድ የሚለማመዱባቸው እነሱ ይሆናሉ። የመከላከያ መነጽሮቹ ያሉት እዚያው በስተቀኝ ባለው ካርቶን ነው።