ከመክፈልሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ በመቆየቴ አፍሬያለሁ፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ዛሬ ለመጻፍ ያስነሣኝ ከእህትሽ የሰማሁት ነገር ነው። ሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ሰዓት አልፎብሻል ተብሎ የ100 ፓውንድ ክፍያ መጠየቂያ ወረቀት እንደደረሰሽ፣ በ14 ቀን ውስጥ 60 ፓውንድ ከፍለሽም ለመገላገል እንዳሰብሽ ነገረችኝ። እባክሽ ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ አትክፈዪ።

አምና እዚሁ ለንደን በእኔም ላይ ደርሷል። ፖስታውን ስከፍተው መኪናዬ ስትገባና ስትወጣ ካሜራ ያነሣቸው ሁለት ፎቶዎች ነበሩበት፤ በጨለማው መሐል የሚታየው ታርጋዬ ብቻ ነው፣ ከሥሩ ሰዓቱ ተጽፏል። የመንግሥት ቅጣት መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ የሚልከው ግን ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ ሲሆን የግል ድርጅት የሚልከው ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ ነው፤ ሁለቱም ባጭሩ ፒሲኤን ስለሚባሉ ሰው ይደናገራል። የግሉ ድርጅት ውል አፍርሰሻል ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ የመቅጣት ሥልጣን የለውም።

ያም ሆኖ «ቀደሽ ጣይው» የሚሉሽን አትስሚ። በ2015 የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቼልምስፎርድ ውስጥ ለ2 ሰዓት በነፃ በሚቆምበት ቦታ ከተፈቀደው በላይ 56 ደቂቃ የቆየ ሰው 85 ፓውንድ መክፈል አለበት ብሎ ወስኗል። ካውንቲ ኮርት በሚባለው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ተከሰው መልስ ባለመስጠታቸው ብቻ የሚፈረድባቸውም አሉ።

እኔን ያዳነኝ ቀን መቁጠሬ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በሚሠራው የ2012 ሕግ መሠረት፣ ሹፌሩ ማን እንደነበር ካልታወቀና መኪናው ላይ ወረቀት ካልተለጠፈ፣ ድርጅቱ መኪናው በስሙ የተመዘገበበትን ሰው ተጠያቂ ማድረግ የሚችለው የክፍያ ማስታወቂያው መኪናው ከቆመበት ቀን ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ከደረሰው ነው። የእኔ የደረሰኝ በ23ኛው ቀን ነበር። ስለዚህ «አቆምሁ» ወይም «ነዳሁ» ሳልል፣ «መኪናው በስሜ የተመዘገበ እንደመሆኑ» ብዬ ጻፍሁ። ሐሰት አልጻፍሁም፤ የሹፌሩን ስም ለግል ድርጅት እንድናገር የሚያስገድደኝ ሕግ የለም።

ድርጅቱ አቤቱታዬን ውድቅ አደረገው፤ ሆኖም ፖፕላ ለተባለው ይግባኝ ሰሚ የማመለክትበትን ቁጥር አብሮ ላከልኝ። ፖፕላ ይግባኝ በነፃ ያያል፤ ውሳኔውም ድርጅቱን እንጂ አንቺን አያስገድድም። በ28 ቀን ውስጥ አመለከትሁ፣ ረታሁም። ያንቺ ድርጅት በሌላ ይግባኝ ሰሚ ሥር ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን አስተውለሽ እዪው።

ደግሞ እህትሽ እንዳለችው መኪናሽ ያሳለፈችው 7 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ ድርጅቶቹ የሚተዳደሩበት ደንብ ራሱ ጊዜው ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ እንዲታገሡ ያዛል። የወረቀቱን ፊትና ጀርባ ዛሬውኑ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቅዳሜ እደውልልሽና አቤቱታውን አብረን እንጽፈዋለን።

ናፋቂሽ ጓደኛሽ