የጨው ብስኩት ማስታወቂያ የጨዉን መጠንም ይንገረን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ውስጥ በማስታወቂያ ቀረጻ የምንሠራ ነን። በቴሌቪዥን የሚተላለፉት የጨው ብስኩት ማስታወቂያዎች አንድ ነገር ስለሚጎድላቸው ይህን ጻፍን።

ብስኩቱ ላይ የተነሰነሰው ጨው ፊት ለፊት በተተከለ መብራት አይታይም። መብራቱ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲበራ ግን ቅንጣቱ ጥላ ይጥላል፣ ያብረቀርቃል። ይህ የሙያው ደንብ ነው፣ ማንንም አያታልልም። ብስኩቱን ዘይት አስነክቶ ተጨማሪ ጨው በመቆንጠጫ መደርደር ግን ሌላ ነው፤ ልጆች በስክሪኑ የሚያዩትን ብስኩት ሱቅ ሄደው አያገኙትም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በክረምት ጣና ዳር ለሚቀርጹም አንድ ምክር አለን። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ውሃ ስቦ መሟሟት ይጀምራል፤ ቅንጣቱ ይደበዝዛል፣ ብስኩቱም ይለሰልስና ሲቆረጠም ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ጥቅሉ የሚከፈተው መብራቱና ካሜራው ከተዘጋጁ በኋላ ይሁን፤ የተረፈው ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይከደን። የለሰለሰውን ብስኩት ለጥቂት ደቂቃ መለስተኛ ሙቀት ባለው ምድጃ ማሞቅ ድርቀቱን ይመልሳል፣ የሟሟውን ቅንጣት ግን አይመልስም። የመቆርጠሙ ድምፅ ደግሞ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ አስጠግቶ ለብቻው ቢቀዳ ይሻላል፤ ሐይቁ ዳር ነፋሱ ያበላሸዋል።

ዋናው ጉዳያችን መጠኑ ነው። ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ሶዲየም (የጨው አንዱ ክፍል) በ2.5 ሲባዛ የጨዉን መጠን ይሰጣል። በ100 ግራም ውስጥ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም ካለ ጨዉ 2 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዳቦውና ሽሮው የየራሳቸው ጨው እንዳላቸውም አንርሳ።

ከ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ 4 ሴኮንዱ የጨዉን መጠን ለመንገር ቢሰጥ ምርቱ አይጎዳም። ጽሑፉ በሚንቀሳቀስ ምስል ላይ ሳይሆን በአንድ ወጥ ጥቁር መደብ ላይ፣ በትልቅ ፊደል ይቀመጥ፤ ፊደሉ ሲያንስ «ጨ» እና «ጠ» አይለዩም። ጽሑፍ ብቻም አይበቃም። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሥራውን እየሠራ ስለሚያዳምጥ፣ ተራኪው ቁጥሩን በድምፁ ያንብበው፤ በዚያች ቅጽበትም ሙዚቃው ዝቅ ይበል።

የማስታወቂያ ቀረጻ ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር